ከልስን በታች ያሉ ወራት

ጋሽ እርሳስ የሚለው ስም የወጣለት ከቀኝ ጆሮው ጀርባ ወፍራም ሰማያዊ እርሳስ ስለማይጠፋ ነው። ሲተኛም አያወልቀውም እያሉ የሚያሙት አሉ። ሚስቱ ግን ይህ ስም ማጥፋት ነው ትላለች፤ ሲተኛ ትራሱ ስር ነው የሚያስቀምጠው።

አንድ ኮንትራክተር ዘንድ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቷል። ብሎኬት በመሸከም ጀምሮ ግንበኛ ሆነ፣ ከዚያ ፎርማን፣ አሁን ደግሞ የድርጅቱን ሥራ ሁሉ ከመሠረት እስከ ቀለም የሚመራው እሱ ነው። ወረቀት ግን አይወድም። ደብተር ይጠፋል፣ ዝናብ ያረጥበዋል፣ የቀን ሠራተኛ ለምሳ መጠቅለያ ይቀድደዋል፤ ግድግዳ ግን የትም አይሄድም። ስለዚህ በየሕንፃው መጀመሪያ የሚቆመውን ግድግዳ፣ ከመግቢያው በር ጀርባ፣ በትከሻው ቁመት ልክ፣ ለራሱ ይይዘዋል። ማን መጣ፣ ማን ቀረ፣ ምን ጎደለ፣ ባለቤቱ ምን አስቀየረ፣ ሁሉም ከነቀኑ እዚያ ይጻፋል። ሠራተኛውም ለምዶታል። ነገ ሥራው ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቅ ካለ ሂድና አንብብ ይባላል። በመጨረሻው ቀን ያቺን ቦታ ማንም ለሳኝ አይነካትም። ራሱ በእጁ ይለስናታል፣ እጁን ይታጠባል፣ ቁልፉን ለባለቤቱ ይሰጣል። ርክክብ ማለት በነሱ ዘንድ ይኸው ነው። ፊርማ የለ፣ ማኅተም የለ።

አንድ ኩራት ነበረው። ምሳ ሰዓት ላይ፣ ባዶ የቀለም ባልዲ ገልብጦ ተቀምጦ፣ ዳቦውን እያኘከ፣ «በተባለው ቀን ያላስረከብኩት ቤት የለም» ይላል። ኮንትራክተሩም ይህቺን ቃል ወስዶ በየጨረታው ሰነድ ላይ በጉልህ ያስጽፋት ነበር። እንዲህ እንዲህ እየተባለ ነገሩ እንደ ፀሐይ መውጣት ያለ፣ ማንም የማይጠራጠረው እውነት ሆነ።

ታዲያ አንድ ቀን ኮንትራክተሩ ቢሮ አስጠራው። የባለ ሦስት ፎቅ ትምህርት ቤት ጨረታ ወጥቷል። ሥራው ትልቅ ነው፤ እንዲህ ያለ ሥራ ለድርጅቱ መጥቶ አያውቅም። ሰነዱ ግን ሥራውን የሚመራው ሰው የፕሮጀክት ማኔጅመንት የሙያ ሰርተፍኬት ሊኖረው ይገባል ይላል። ጋሽ እርሳስ ሃያ ስድስት ዓመት አይበቃም ወይ ብሎ ጠየቀ። ኮንትራክተሩ ሰነዱን አገላብጦ አይቶ፣ ሃያ ስድስት ዓመት የሚል ቦታ እንደሌለ፣ ያለችው አንዲት ትንሽ ሳጥን ብቻ እንደሆነች፣ እሷም «አለ» ወይም «የለም» እንጂ ሌላ እንደማትቀበል አስረዳው።

«አራት ወር አለህ» አለው ኮንትራክተሩ። «ካልሆነ ሰርተፍኬት ያለው ሰው እቀጥራለሁ፤ አንተ በሱ ስር ትሆናለህ።»

በሱ ስር የሚለው ቃል ጋሽ እርሳስን እስከ ቤቱ ድረስ ተከተለው። አርማታ ሲሞላ አይቶ የማያውቅ ሰው በተወለወለ ጫማ እየተራመደ፣ ሐሳብ ካለህ እጅህን አውጣ ሲለው ታየው። የዚያን ቀን እራቱን ሳይጨርስ ተነሣ።

የሰርተፍኬቱን ማመልከቻ ፎርም በስልኳ የምትሞላለት መድኃኒት ቤት የምትሠራው ልጁ ሆነች። ሰርተፍኬት ሰጪዎቹ ሦስት ነገር ይጠይቃሉ። ሠላሳ አምስት ሰዓት ትምህርት፣ ፈተና፣ እና ባለፉት አምስት ዓመታት ውስጥ ሥራ የመሩበት ሠላሳ ስድስት ወር፣ የተጀመረበትና ያለቀበት ቀን ከነማስረጃው፣ ከአሠሪው ፊርማ ጋር።

ትምህርቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ከአንድ ዳቦ ቤት በላይ ባለች ክፍል ውስጥ ነበር። አስተማሪው ከጋሽ እርሳስ መሮ በዕድሜ የሚያንስ ልጅ ነው። ሁሉም ነገር ስም እንዳለው ያን ጊዜ ሰማ። ሲሚንቶው ባይመጣስ ብሎ ሲብሰለሰል የኖረው ነገር ስጋት ይባላል፣ መዝገብ አለው። የቤቱ ባለቤት በሩን ወደዚያ አዙሩልኝ ያለች እንደሆነ የለውጥ ጥያቄ ይባላል፣ ተጽፎ ይፈረማል። ጋሽ እርሳስ እጁን አውጥቶ፣ ሴትዮዋ ደጃፍ ላይ ቆማ እየጮኸች ባለችበት ሰዓት የሚሞላው የትኛው ቅጽ ነው ብሎ ጠየቀ። ክፍሉ ሳቀ። አስተማሪው ግን ሳይስቅ ቅጽ ስድስት ነው አለው። ጋሽ እርሳስም ደንገጥ ብሎ ተነሣና እንዳይረሳው ግድግዳው ላይ ጻፈው። የዚያን ቀን የመጨረሻዎቹን ሃያ ደቂቃ ያሳለፈው ግድግዳ ሲፈትግ ነው።

ቤት ውስጥም ልምምድ ጀመረ። የማዕድ ቤቱ ቧንቧ ይንጠባጠብ ነበር። ድሮ ቢሆን ጎማውን ቀይሮ እጁን ይጠርግ ነበር። አሁን ግን የባለድርሻዎች ስብሰባ ይቅደም አለና ሚስቱንና ልጁን ሳሎን ሰበሰበ። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ መርፌ በአፏ ይዛ ትንሽ አዳመጠችውና ቁርጥራጭ ጨርቅ ይዛ ሄዳ ቧንቧውን አሰረችው። እሱም ያለ ፈቃድ የተደረገ ለውጥ ብሎ መዘገባት።

ችግሩ የመጣው ወራቱ ሲቆጠሩ ነው። በአምስቱ ዓመት የመራቸው አምስት ሥራዎች ናቸው። ማተሚያ ቤቱ በውሉ ስድስት ወር፣ የጥርስ ክሊኒኩ አምስት፣ መዋዕለ ሕፃናቱ ስድስት፣ የጎማ መጋዘኑ አራት፣ ባለ አንድ ፎቁ መኖሪያ ቤት ስድስት። ልጁ ደመረችው። ሃያ ሰባት። እንደገና ደመረችው። ያው ሃያ ሰባት።

«አባዬ፣ ዘጠኝ ወር ይጎድልሃል» አለችው።

«ምን ማለትሽ ነው? አምስት ዓመት ሙሉ መች አረፍኩ?»

«ሁሉንም በተባለው ቀን ካስረከብክ ሃያ ሰባት ወር ነው የሠራኸው። የቀረውን ሠላሳ ሦስት ወር የት ነበርክ?»

የስፌት መኪናው ቆመ። ሚስቱ ቀና ብላ አየችውና ይህን ጥያቄ እሷም ብትጠይቀው ደስ እንደሚላት፣ ሆኖም በሐቅ ለመመስከር ያህል፣ በነዚያ ወራት ሁሉ ሲሚንቶ የጠጣ ሱሪ ስታጥብ እንደኖረች ተናገረች። ሰውየው ሥራ ላይ ነበር። ሥራው ግን አልቋል ይላል። 

ጋሽ እርሳስ እውነቱ የት እንዳለ ያውቃል። እሱ ራሱ ለስኖበታል። በማግስቱ መሮ፣ መዶሻ፣ አሮጌ አንሶላና መልሶ የሚለስንበት አንድ ከረጢት ጂፕሰም ይዞ ወጣ።

መጀመሪያ የሄደው ወደ ጎማ መጋዘኑ ነበር፤ ባለቤቱ ቆጣቢ ስለሆነ ያ ግድግዳ ከነጭራሹ አልተለሰነም። ሰማንያ ጎማ ተነሥቶ ጽሑፉ ሲታይ ሥራው የፈጀው ስድስት ወር ሆኖ ተገኘ። አራት እንጂ ስድስት ሊሆን አይችልም። ጋሽ እርሳስ የገዛ ጽሕፈቱን እንደ ማያውቀው ሰው ጽሕፈት ትክ ብሎ አየው። ሌላ ሰው እርሳሴን ወስዶ ጽፎበት ይሆናል ብሎ ወጣ።

የጥርስ ክሊኒኩ ግን ማምለጫ አልሰጠውም። ያቺ ከበር ጀርባ ያለች ቦታ አሁን የሕክምናው ክፍል ውስጥ ናት፣ ከታካሚው ወንበር አጠገብ። ሐኪሟ የክሊኒኩ ባለቤት ናት። አንድ ሰው አፉን አደንዝዛ አጋድማዋለች።

«ግድግዳዬን ሊያፈርሱ ነው የመጡት?» አለችው ጋሽ እርሳስን።

«ማፍረስ አይደለም ዶክተር። ላነብ ነው።»

«ስንት ደቂቃ ይፈጅብዎታል?»

«ሃያ።»

ሦስት ሰዓት ፈጀ። ታካሚው አፉን ከፍቶ እንደተጋደመ መሮው ግድግዳውን ሲመታ ያያል፤ ሲመታ በተመለከተ ቁጥር ዓይኑን ይጨፍናል። በመጨረሻ ልስኑ እንደ ትሪ ሰፊ ሆኖ በአንድ ላይ ተላቀቀ። ግድግዳው ላይ ግን ምንም የለም። ሰማያዊው እርሳስ ከልስኑ ጋር ተጣብቆ ወጥቷል፤ ፊደሉ ሁሉ ወደ ኋላ ተገልብጦ በልስኑ ጀርባ ላይ ተኝቷል። ጋሽ እርሳስ አንገቱን ወዲህ ቢል ወዲያ ቢል አልነበብ አለው። ሐኪሟ ታካሚዋን ትታ መጣች፣ አፍ ውስጥ የምታይባትን ትንሿን መስተዋት ከኪሷ አወጣችና እንደ መንጋጋ ጥርስ እያየች ታነብለት ጀመር።

«መስኮት አልመጣም» ብላ አነበበች። መስተዋቷን ዝቅ አደረገች። «መስኮት ዛሬም አልመጣም።» አሁንም ዝቅ አደረገች። «መስኮት። እዚህ ላይ መጻፉም የሰለቸዎት ይመስለኛል።»

ወደ ታች ስትወርድ የመጨረሻው ቀን ላይ ደረሰች። ከመጀመሪያው ቀን ጀምራ ቆጠረችና ዓመት ሙሉ ነው አለች። ጋሽ እርሳስ አምስት ወር ነው ብሎ ድርቅ አለ።

«ጋሼ» አለችው በእርጋታ፣ «እኔ ዓመት ሙሉ ጥርስ የነቀልኩት እናቴ ሳሎን ውስጥ፣ ሶፋ ላይ ነው። እናቴ እስካሁን እዚያ ሶፋ ላይ አትቀመጥም።»

ወንበሩ ላይ ያለው ሰውዬ ጣቱን አነሣ። እሱም ከሶፋው ደንበኞች አንዱ መሆኑን ምላሱ ሲላቀቅለት ተናገረ።

የቀሩት ሦስቱም እንዲሁ ሆኑ። ማተሚያ ቤቱ አሥር ወር። መዋዕለ ሕፃናቱ አሥራ አንድ፤ እዚያ ሕፃናቱ በሰልፍ ተቀምጠው ልስን ሲነሣ ያዩ ነበር፣ መምህርታቸውም አጋጣሚውን ተጠቅማ ከግድግዳው ላይ ወራትን አስቆጠረቻቸው። ባለ አንድ ፎቁም አሥር። የዚያ ቤት እመቤት ያስገባችው አልዘጋ ያላትን መስኮት ሊጠግን የመጣ መስሏት ነው። መስኮቱን ካልጠገነ አታስወጣውም ነበርና ጠገነ።

ልጁ መልሶ ሳይለስናቸው በየቦታው እየሄደች ሁሉንም በስልክ ፎቶ አነሣች፣ ስፌት ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብላ ደመረች። አርባ ዘጠኝ ወር። ከሚፈለገው አሥራ ሦስት ይበልጣል። አቅፋ ሳመችውና እንኳን ዘገየህ አባዬ አለችው፤ በሰዓቱ ጨርሶ ቢሆን ኖሮ ይኼኔ ጉዱ ፈልቶ ነበር።

እሱ ግን የለቅሶ ቤት የገባ ሰው ይመስል ነበር። ሃያ ሁለት ወር ዘግይቷል፤ በገዛ ጽሕፈቱ። ሲዋሽ የኖረ ሰው እንዳይመስላቸው ሊያስረዳቸው ሞከረ። ቀን መቁጠር የሚጀምረው ዕቃው ሁሉ ተሟልቶ ከገባበት ቀን ነበር። ሲሚንቶ ሳይመጣ፣ ብረት ሳይመጣ የሚያልፈው ቀን የሥራ ቀን ነው እንዴ? የዕቃ ቀን ነው። ይህን ሲል ለራሱም ጆሮ እንግዳ ሆነበት። ሚስቱ ክር እያስገባች፣ እሷም የሙሽራ ቀሚስ ስትሰፋ ቀን የምትቆጥረው ጨርቁ፣ ክሩ፣ ሙሽራዋና ሙሽራው ተሟልተው ከገቡ በኋላ ቢሆን ሠርጉ ስንት ልጅ ከተወለደ በኋላ እንደሚሆን አስቢው ብላ ለልጇ ነገረቻት።

ሌሊቱን አላስተኛው ያለው ግን ሌላ ነገር ነው። አምስቱን ግድግዳ ጎን ለጎን አድርጎ አይቶ አያውቅም ነበር። እንዴት ያያል? አንዱን ለስኖ ነው ወደ ሌላው የሚሄደው። አሁን በልጁ ስልክ ላይ ተራ በተራ ሲያያቸው አምስቱም አንድ ነገር ይላሉ። ሲሚንቶው አንዳንዴ ቀርቷል፣ አናጢው አንዴ ታሟል፣ ባለቤት ሐሳብ ቀይሯል፤ እነዚህ ቀናት ናቸው። ወራቱን የበላው መስኮት ነው። በአምስቱም ሥራ መስኮቱ ዘግይቷል። መስኮቱን የሚሠራው ደግሞ ሁልጊዜ ያው አንድ የብረት ወርክሾፕ ነው፤ ባለቤቱም የኮንትራክተሩ ሚስት ወንድም ነው። ያ ከዳቦ ቤቱ በላይ የሚያስተምረው ልጅ ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ፣ ካለፈው ሥራ የተገኘውን ትምህርት ጻፉ፣ ከሚቀጥለው በፊት አንብቡት ብሎ ነበር። ጋሽ እርሳስ መጻፉን ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቶበታል። ማንበቡ ነው የቀረው።

ሰኞ ጠዋት ፎርሙን ለማስፈረም ቢሮ ገባ። ኮንትራክተሩ ከላይ እስከ ታች አነበበና መነጽሩን አወለቀ። አርባ ዘጠኝ ወር ብሎ ከፈረመ፣ ያ በየጨረታው የሚያስጽፈው ነገር ምን ሊሆን ነው? ሃያ ሰባት ብሎ ከፈረመ ደግሞ ሰርተፍኬት የለም፣ ትምህርት ቤቱም የለም። ወዲያው አንድ ሐሳብ ብልጭ አለለት። ሁሉም በሰዓቱ አለቀ ይባል፤ የቀረውን ሃያ ሁለት ወር ደግሞ ጋሽ እርሳስ ካስረከበ በኋላ ሲከታተል ነበር ይባል።

«ቁልፉን ከሰጠሁ በኋላ ሰው ቤት ውስጥ ሰባት ወር ምን ስሠራ ነበር አለቃ?» አለ ጋሽ እርሳስ። «በእንግድነት?»

«ታዲያ አንተ ራስህ አይደለህ በሰዓቱ ነው ስትል የኖርከው?»

«እኔ ነኝ። ተሳስቼ ነው። ይኸው ፈርሜያለሁ፣ እርስዎም ይፈርሙ። ካልሆነ ያንን ሰውዎን ይቅጠሩት፤ በስሩ እገባለሁ። ግን እሱም ቢሆን መስኮት ይቀርበታል።»

ኮንትራክተሩ መስኮት የሚለውን ሲሰማ ፎርሙን አስቀመጠ። ማስረጃውን አሳየኝ አለ፤ ጋሽ እርሳስም ልጁ የላከችለትን የግድግዳዎቹን ፎቶዎች በስልኩ አወጣ። አንድ በአንድ አያቸው። ከዚያ ተነሣ፣ የቢሮውን በር ዘጋ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይህን ግድግዳ ይዘህ ወደ ቤቴ ልትመጣ ትችላለህ ወይ አለው። ከተጋባ ጀምሮ ያንን ሰውዬ ከሥራው ማውጣት እንደሚፈልግ፣ ባነሣ ቁጥር ግን ሚስቱ ወንድሜን ጠላኸው፣ ማስረጃህ የታለ እያለች አፉን እንደምታስይዘው ነገረው።

«ለሚስቴ አሳይልኝ፤ ልፈርም» አለ። እስክሪብቶውን ያኔውኑ አንሥቶም ፈረመ፤ አሁን ጋሽ እርሳስ ሐሳቡን እንዳይቀይር የሚፈራው ኮንትራክተሩ ነበር።

የክሊኒኩን ልስን በአንሶላ ጠቅልለው ወሰዱት። ሐኪሟ አንድ ያረጀ መስተዋት ሰጥታዋለች። የኮንትራክተሩ ሚስት ዕድሜያቸው የገፋ፣ ቤታቸው ጫማ የሚያስወልቅ ሴት ናቸው። ጋሽ እርሳስ በካልሲ ቆሞ ያንን ልስን ሶፋው ላይ አስቀመጠና በመስተዋቱ ማንበብ ጀመረ። ባልየው ጥግ ላይ ተቀምጦ እግሩን ያያል። መስኮት አልመጣም። መስኮት ዛሬም አልመጣም። ሦስተኛው መስመር ላይ ሲደርስ ሴትዮዋ መስተዋቱን ተቀብለው ራሳቸው አነበቡ። ጣታቸውን እያስኬዱ እስከ መጨረሻው ወረዱ። የክሊኒኩን ሲጨርሱ ሌሎቹን በስልክ አምጣ አሉ።

«ይኼ ሰነፍ» አሉ ስለ ወንድማቸው፣ በንዴት ሳይሆን እንደ ቆየ ዜና። «እናታችንም አልጋ ሠርቶ እስኪሰጣት ወለል ላይ ነው የተኛችው። ለመሆኑ ይህን ሁሉ ጊዜ ምን ይዟችሁ ዝም አላችሁ?»

ጋሽ እርሳስ ባልየውን አየ፤ ባልየው ምንጣፉን።

«ለስነንበት ነበር እትዬ» አለ።

ፎርሙ በአሥራ አንደኛው ቀን ተቀባይነት አገኘ፤ አንድ ገምጋሚ ብቻ፣ ከማስረጃዎቹ አንዱ ለምን በመስተዋት እንደሚነበብ ማብራሪያ ጠይቆ ነበር። ፈተናውን ጋሽ እርሳስ እንደምንም አለፈ። የሳተው በአብዛኛው «በቅድሚያ ምን ታደርጋለህ» የሚለውን ጥያቄ ነው፤ ሁልጊዜ ሄጄ አያለሁ የሚለውን ሲመርጥ፣ ትክክለኛው መልስ መጀመሪያ ዕቅዱን መርምር ነበር። ጨረታው ሊዘጋ ስድስት ቀን ሲቀረው ሰርተፍኬቱ ደረሰ፣ ሳጥኗ ውስጥ «አለ» ተባለ፣ ከድርጅቱ ሰነድ ላይ ያቺ ጉልህ መስመር ተሰረዘች፣ ሥራው ግን ተገኘ። በማንም ስር አልገባም። መስኮቱን ለሌላ ወርክሾፕ ያዘዘው መሠረቱ ከመቆፈሩ በፊት ነው።

ሚስቱ ሰርተፍኬቱን ወደ ብርሃን ጠጋ አድርጋ አነበበችው። ታች በትንሽ ፊደል ለሦስት ዓመት የሚያገለግል ይላል።

«ከሦስት ዓመት በኋላ ታውቃለህ ወይ ብለው መልሰው ሊጠይቁህ ነው?»

«አዎ። ያሳድሱታል።»

«ደህና ነው» አለች፣ ወደ ስፌት መኪናዋ እየዞረች። «ጋብቻም እንዲህ ቢሆን ጥሩ ነበር።»

ጋሽ እርሳስ ድምፁን እንደ ቀልድ ለማድረግ እየሞከረ፣ የሱ የጋብቻ ማደሻ ፎርም ቢመጣላት ትፈርምለት እንደሆን ጠየቃት።

ቀኖቹን መጀመሪያ ልያቸው አለችው።